የሐይቁን ዳር ታነብልን የነበረች እህቴ

እህቴ ታደለች ያረፈችው በጥቅምት ነው። ስልኳ እኔ ጋ ነው ያለው። መስመሩን ለማዘጋት ስልክ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ወረፋ ይዤ፣ ተራዬ ሲደርስ ተመልሻለሁ። ለምን እንደተመለስኩ አላውቅም። ሲጮኽ አነሳዋለሁ።

ጥር ላይ አንድ ትልቅ ሰው ደወሉ።

«ታዱ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የሩብ ዓመቱ አልወጣም እንዴ?»

«ታደለች የለችም» አልኩ።

«እንግዲያው ስትመጣ ንገራት። ልጄ ኖርዝጌት አካባቢ ቤት አይታ ልቧ ተንጠልጥሏል። ታዱ ገበያውን ሳትነግረን አንፈርምም ብያታለሁ።»

«አርፋለች ጋሼ። እኔ ወንድሟ ነኝ።»

«ምነው ሳልሰማ! ምነው ሳልሰማ!» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። አገር ቤት ከርመው መምጣታቸው ነበር። መጨረሻ ላይ አጽናኙ እኔ ሆንኩ።

በዚያው ሳምንት ሌሎችም ደወሉ። መሞቷን የሚያውቁትም ጭምር። ሪፖርቱ የሚወጣበት ሰሞን ስለነበረ እጃቸው ለምዶባቸው ይመስለኛል። ቀብሯ ላይ ከፊት ቆማ ያለቀሰች አንዲት ሴት፣ ድምፄን ስትሰማ «ውይ፣ ይቅርታ፣ ረስቼው ነው» ብላ ዘጋችው።

እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። ሥራዬም መንገደኛ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል ማመላለስ ነው። ስለ እሷ ሌላ ሰው ቢጽፍ በተሻለ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ስለ እሷ ማውራት ሲጀምር ስለ ቤት ማውራት ይጨርሳል። ስለዚህ እኔ ልሞክር።

ታደለች ታላቄ ናት። እኔ ገና ፊደል ስቆጥር እሷ ዲቪ ደርሷት ወደ ሲያትል መጣች። መጀመሪያ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ቀጥላ ተምራ ፈቃድ አወጣችና ቤት አሻሻጭ ሆነች። እኔን ያስመጣችኝ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ያኔ ሐበሻው ሁሉ ቤት ቤት ይል ነበር። ሰው «ሪልተሯ» ይላታል፣ አሮጊቶቹ «ደላላዋ» ይሏታል። እኔ ስም ማጥፋት መስሎኝ ተናድጄ ነበር።

«ምን አናደደህ ማሙሽ?» አለችኝ። «ደላላ አይደለሁም እንዴ? የደህና ደላላ ስም እስኪወጣ ድረስ እታገሳለሁ።»

አጠር ብላ ሞላ ያለች ሴት ናት። ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው ማሽተት ነው። ሻጩ ሻማ ካበራ «ምን ሊደብቅ ነው?» ትላለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ምድር ቤት ትወርድና ግድግዳውን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ እርጥበት ካለ ብላ። ገዢዎቹ ላይ ቤት ወጥ ቤቱን ሲያደንቁ እሷ ከታች ትጮኻለች፤ «ወጥ ቤቱን ተዉት! ኑ እዚህ፣ ኑ ይሄን ንኩት!»

የሩብ ዓመት የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። በየሦስት ወሩ ሐይቁ ዳርና ባሕሩ ዳር ባሉት የሀብታም ሰፈሮች ስንት ቤት ለሽያጭ እንደወጣ፣ በምን ፍጥነት እንደተሸጠ፣ ዋጋው ወዴት እንደሄደ የሚተነትን ሪፖርት ይወጣል። የምትሠራበት ድርጅት ያሳትመዋል፤ ወረቀቱ ያብረቀርቃል፣ ሽፋኑ ላይ ጀልባ አለ። የተጻፈው ለሐበሻ አይደለም። ታደለች ግን ይዛው ትመጣና ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ጸበል ጻድቁን ቀምሶ ሲያበቃ፣ ቆማ በአማርኛ ታነበዋለች።

«እኛ መች ሐይቅ ዳር ልንገዛ ነው?» ብለው ገና በመጀመሪያው ቀን የጠየቋት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ሬኒየር ቢች ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከአማታቸው ጋር ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

«ልንገዛ አይደለም ጋሼ» አለች። «ዋጋ የሚነሳው ከዚያ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ ሰው የሚሸጠው ቸግሮት አይደለም። እሱ ከቸኮለ አንድ ነገር አውቋል ማለት ነው። እሱ ዛሬ ያወቀውን እኛ የምንችለው ሰፈር፣ ስካይዌይ ያለ ሰው የሚያውቀው ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ደግሞ ዓመት እንድትቆዩ አልፈልግም።»

ሪፖርቱ ውስጥ ሚዲያን ዋጋ የሚል ቃል ይበዛል። ማንም አልገባውም። አንድ እሑድ ወንዶቹን ከወንበር አስነስታ በቁመት አሰለፈቻቸው። አጭሩ ወዲህ ጫፍ፣ ረጅሙ ዲያቆን ወዲያ ጫፍ። ትክክል መሀል ላይ የቆሙት ጋሽ ወርቁ ሆኑ።

«ሚዲያን ማለት እሳቸው ናቸው» አለች። «ከወዲህም ከወዲያም እኩል ሰው ያለበት። አሁን ዲያቆን፣ ወንበሩ ላይ ውጣ።»

ዲያቆኑ እየሳቀ ወጣ። ራሱ ኮርኒሱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ይሄ ሐይቁ ዳር አንድ ቤተ መንግሥት ተሸጠ ማለት ነው። ዜናው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል። ጋሽ ወርቁ ረዘሙ?»

«አልረዘሙም!» አለ አዳራሹ።

«እንግዲያው በቤተ መንግሥቱ ዜና አትደንግጡ። መሀል የቆመው ሰው ሲለወጥ ያኔ ደንግጡ።»

«እኔስ ትንሽ ብረዝም ደስ ይለኝ ነበር» አሉ ጋሽ ወርቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ጋሽ ሚዲያን ሆነ። ልጆቻቸው ሳይቀሩ ይጠሯቸዋል።

ታደለች ግን በወረቀቱ ብቻ አታምንም። እሑድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣች፣ ልብሷን ሳትቀይር በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ ሐይቁን ተሻግራ የሀብታሞቹ ሰፈር መርሰር አይላንድ ትሄዳለች። ያኔ ለሽያጭ የወጡ ቤቶች በራቸው ለጎብኚ ይከፈታል፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ የምነዳት። መጀመሪያ ጊዜ አፍሬ መኪና ውስጥ ልቀር ስል «ውረድ፣ ቤት ማየት ገንዘብ አያስከፍልም» አለችኝ። በሩ ላይ ያለው ነጭ አሻሻጭ ጫማችን ላይ የሚጠለቅ ሰማያዊ ላስቲክ ሰጠን። እሷ ነጠላዋን ሰብስባ እንደ ንግሥት ገባች።

እኔ መስኮቱን፣ ጀልባ ማሰሪያውን፣ ከመኝታ ቤቴ የሚበልጠውን ቁም ሣጥን አያለሁ። እሷ የምታየው ሌላ ነው። ውጭ ስንት መኪና ፓርክ እንዳደረገ ታያለች። የአበባው ውሃ የደፈረሰ መሆኑን ታያለች። ከሁሉ በላይ ግን ለጎብኚ የተቀመጠውን የኩኪስ ሳህን ታያለች።

«ኩኪሱ ካለቀ ገበያ አለ። ካልተነካ ገበያ የለም» ትለኛለች በሹክሹክታ።

እኔ አንዱን አንስቼ ነበር።

«መልስ! ጥናቴን ታበላሽብኛለህ!»

ይህ እንደ ቀልድ ነው የሚወራው፤ ግን ቀልድ አልነበረም። ገበያው ከመውደቁ በፊት፣ ሁሉም ሰው ዋጋ ይጨምራል እያለ በሚሯሯጥበት ሰሞን፣ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ወረቀቱን አጠፈችና «ሐይቁ ዳር ኩኪስ እየተረፈ ነው። እባካችሁ ትንሽ ቆዩ» አለች። ሳቁባት። አንዳንዱ ቆየ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ አሻሻጭ ሄዶ ገዛ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ገበያው እንዴት እንደወደቀ ሁሉም ያውቃል። ለገዙት ሰዎች፣ ቤታቸውን ባንክ ሲወስድባቸው ዕቃ ስትጭንላቸው የነበረችው እሷ ናት። «ነግሬሽ ነበር» ስትል ሰምቼ አላውቅም። አንዴ እኔ ልልላት ስል እግሬን ረገጠችኝ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። አንድ እሑድ መርሰር አይላንድ ስንሄድ በሩ ላይ ሰልፍ አገኘን። ሳህኑ ላይ ፍርፋሪ ብቻ ነው የቀረው። ታደለች ሳህኑን አይታ ተመልሳ ወጣች። መኪና ውስጥ ስንገባ «ማሙሽ፣ አሁን መቸኮል አለብን» አለችኝ።

በቀጣዩ ሩብ ዓመት ለአዳራሹ ይህንኑ ነገረች። ጋሽ ወርቁ ያን ቀን ጥያቄ አልጠየቁም። ስብሰባው ሲያልቅ ብቻ ወደ ጥግ ወሰዷት። አከራያቸው ቤቱን ሊሸጠው ነው። ትምህርት ሲዘጋ ይወጣሉ። አማታቸው እማማ ብርቄ ከቤተ ክርስቲያኑ ርቀው መኖር አይችሉም፤ ባላቸውን የቀበሩት፣ የንስሐ አባታቸው ያሉት እዚህ ነው። ስለዚህ ስካይዌይ ወይም እዚያው አካባቢ፣ ገበያው ሳይቀድማቸው፣ ቤት መግዛት አለባቸው።

«ለማንም አትናገሪ» አሏት።

«ለምን?»

«ቁልፉ እጄ ሳይገባ ቤት ልገዛ ነው አልልም። አንቺ አታውቂም እንዴ?»

ታውቃለች። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ሰው ቤት ሲፈልግ ይደብቃል፤ ይከሽፋል፣ ዓይን ያርፍበታል፣ ይባላል። ከገባ በኋላ ድግስ አድርጎ ይጠራል። ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

ጋሽ ወርቁ ስካይዌይ ላይ አንድ ቤት ወደዱ፣ ታደለች በዚህ ዋጋ እንገዛለን የሚል ኦፈር አስገባችላቸው። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ የጋሽ ወርቁ የጽዋ ማኅበር አባል፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ ሴት፣ በሌላ አሻሻጭ በኩል ለዚያው ቤት ኦፈር አስገቡ። አንዳቸው የሌላውን አያውቁም። ቅዳሜ ማኅበሩ ወይዘሮ ጽጌ ቤት ነበር። እኔም ነበርኩ። የወይዘሮ ጽጌ ልጅ ስልኳ ላይ ያለ የቤት ፎቶ ለጋሽ ወርቁ ልጅ እያሳየች ነበር።

«ዚስ ኢዝ አወር ኒው ሃውስ» አለቻት።

«ኖ፣ ዛትስ አወርስ!» አለች ያኛዋ። «አባ፣ ይሄ የኛ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ወርቁ ጠላቸውን አስቀመጡ። ወይዘሮ ጽጌ «የምን ቤት ነው የምትሉት? ልጆች፣ ብሉ እንጂ» አሉ። ጋሽ ወርቁም «ስልክ ላይ የማይታይ የለም» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ከልቡ የሳቀ ግን አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ታደለችን ኮል አደረጉ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ በድምፅ ማጉያው ሰማኋቸው።

«ታዱ፣ ኦፈሩን አንሺልኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ቤት ልሻማ? ነገ ማኅበር ላይ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ጋሼ፣ ትምህርት ሲዘጋ መውጣትዎ ነው እኮ። እርስዎ የት ሊገቡ ነው?»

«አንሺልኝ አልኩሽ።»

አነሳችው፤ ገዢው እሳቸው ናቸው። ማታ የሻጩ አሻሻጭ ደወለላት። ሁለቱም የሐበሻ ኦፈሮች በአንድ ቀን ተነስተዋል። ወይዘሮ ጽጌም «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ለጋሽ ወርቁ ይሁን» ብለው ኖሯል ያነሱት። ቤቱን በጥሬ ገንዘብ የወሰደው እየገዛ አድሶ የሚሸጥ ኩባንያ ነው።

ታደለች መጀመሪያ ሳቀች። ወንበሩን ይዛ ሳቀች። «ማሙሽ፣ ተከባብረው ቤት አጡ እኮ! ለማያውቁት ኩባንያ አሳልፈው ሰጡት!» ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን ሸፍና ወጥ ቤት ገባች። ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ግራጫ ተቀብቶ፣ በሩ ቀይ ሆኖ፣ አንዳቸውም በማይደርሱበት ዋጋ ገበያ ወጣ። ፊት ለፊቱ መኪናዋን አቁማ ስታየው አይቻታለሁ።

በሚቀጥለው የሩብ ዓመት ወረቀቱን አላነበበችም። የማንንም ስም ሳትጠራ ታሪኩን ነገረቻቸው። ስሙን ሁሉም ያውቃል።

«ከዛሬ ጀምሮ ቤት የምትፈልጉ እዚህ ተናገሩ» አለች። «ማን የት ሰፈር እንደሚፈልግ እንተዋወቅ። ሁለት ሰው አንድ ቤት ከፈለገ እዚሁ ይነጋገር።»

«ታዱ፣ ዓይን አለ እኮ» አሉ አንዲት እናት።

«እትዬ፣ በዓይን የተበላ ቤት አላየሁም። በይሉኝታ የተበላ ግን ሁላችሁም አይታችኋል።»

«ተነጋግረንስ? እኔ ልተው እኔ ልተው ስንባባል ሊመሽ ነው» አለ ዲያቆኑ።

«እቁብ ትጥሉ የለም እንዴ? እቁብ ላይ ማን ለማን ይተዋል? ዕጣ ነው፤ የደረሰው ይበላል፣ ያልደረሰው እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ለምን እንደዚያ አይሆንም?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ግን ገባቸው። በይሉኝታ የማይነካ ነገር ያለን ዕጣ ብቻ ነው መሰለኝ።

ፀደይ ላይ አንድ ቤት ወጣ። ስካይዌይ፣ ምድር ቤቱ የራሱ በር ያለው፣ ለእማማ ብርቄ የሚሆን፣ አውቶቡስ በአጠገቡ የሚያልፍ። ጋሽ ወርቁ ተነስተው «እኔ እፈልገዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ጽጌ አቀርቅረው እጃቸውን አወጡ።

ታደለች ቦርሳዋን አነሳች። «እኔ ፈቃድ ያለኝ አሻሻጭ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ ሕግ አይፈቅድልኝም። ሶ፣ መኪናዬ ውስጥ ነኝ» ብላ ወጣች።

ሁለት ወረቀት ተጠቅልሎ ኩባያ ውስጥ ገባ። ማን ያውጣ ተባለ። ቄሱ አይሆንም አሉ፣ ዲያቆኑም ፈራ። «በዕድሜ የሚበልጡት ያውጡ» አለ አንዱ። እማማ ብርቄ ነበሩ። በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ፣ አማተቡ፣ አወጡ። ዓይናቸው ስለማያነብላቸው ለእኔ ሰጡኝ። ወረቀቱን ከፈትኩት።

«ወይዘሮ ጽጌ» አልኩ።

ወይዘሮ ጽጌ ወዲያው ተነሱ። «አይሆንም። እማማ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መሆን አለባቸው። ጋሽ ወርቁ ይግቡበት።»

«ዕጣ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ግድ የለም፣ እኔ...»

እማማ ብርቄ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «አንቺ ልጅ! እጄን አታሳፍሪው! ቁጭ በይ።»

ወይዘሮ ጽጌ ተቀመጡ። ቤቱንም ገዙ። መኪናው ጋ ሄጄ ለታደለች ስነግራት «ማን አወጣው?» አለች። «እማማ» ስላት መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ሞተሩን አስነስታ «ታኮማ ማየት አለብን» አለች። ለራሷ ነው ያለችው።

ጋሽ ወርቁ ታኮማን መስማት አልፈለጉም ነበር፤ ሩቅ ነው፣ ሌላ ከተማ። ግን ቀኑ እየደረሰ፣ ዋጋው ወደ ላይ እየሄደ፣ እዚህ የሚሆን ቤት ጠፋ። ታደለች ከዳር እስከ ዳር አዟዟረቻቸው። በመጨረሻ ጥሩ ቤት አገኙ። እውነት ለመናገር ከስካይዌዩ ይሻላል። ምድር ቤቱ ደረቅ ነው።

የገቡ ቀን ዕቃው በትልቅ መኪና ሄደ፤ እማማን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ በታደለች መኪና። ደርሰን በሩን ከፈትኩላቸው። አልወረዱም። ልጃቸው፣ የጋሽ ወርቁ ባለቤት፣ መጣች፣ አልወረዱም። ጋሽ ወርቁ ዣንጥላ ይዘው መጡ፣ ፊታቸውን አዞሩባቸው። ዝናቡ ያካፋል። ታደለች ከቤት ወጥታ መጣችና ከኋላ አጠገባቸው ገባች፣ በሩን ዘጋች። እኔ ከፊት ነኝ፤ መውጣትም አፈርኩ።

«ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው?» አሏት።

«እዚህም አለ እማማ። ሩቅ አይደለም።»

«የኔ የንስሐ አባት አሉ?»

«የሉም።»

«የተኛው ባሌ አለ?»

«የለም።»

«ቤት ስትሸጪ እኔንም አብረሽ ሸጥሽኝ።»

እኔ ታደለች ደንበኛ ስታባብል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ትላለች። ያን ቀን ምንም አላለችም። መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። እማማ ቆይተው «በገዛ እጄ ነው እኮ ያወጣሁት» አሉ። ያኔ ነው የታደለች ድምፅ የተሰማው።

«አዎ እማማ። ሩቅ ነው፣ አልዋሽዎትም። እሑድ እሑድ እየመጣሁ ልውሰድዎት?»

«እሑድ ያንቺ ገበያ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ሰኞም ይሸጣል።»

አዩዋት። «እስከ መቼ ነው የምትመጪው?»

«እስኪሰለቹኝ።»

እማማ መቋሚያቸውን አነሱ። «እንግዲያስ በሩን ክፈችልኝ» አሉ።

ያለችውን አደረገች። ጋሽ ወርቁም ባለቤታቸውም እሑድ ሥራ ነበራቸው፤ ታደለች በጨለማ ተነስታ ታኮማ ትወርዳለች፣ እማማን ይዛ ቅዳሴ ትደርሳለች፣ መልሳ ታደርሳቸዋለች፣ ምሳ ሳትበላ አይለቋትም። እሑድ አለቀ ማለት ነው። ቤት አሻሻጭ እሑድ ካልሠራ ምን ይቀረዋል? ሐይቁ ዳር መሄድም ቀረ። በየሦስት ወሩ አዳራሹ ውስጥ ስትቆም «አሁን እኔም እንደናንተ ወረቀት ነው የማነበው፤ ኩኪሱን አላየሁም» ትላለች። ወጣት አሻሻጮች መጡ፣ ፎቷቸው አውቶቡስ ላይ የተለጠፈ፣ ደንበኞቿም ወደ እነሱ መሄድ ጀመሩ።

አንድ ቀን እኔም ተናገርኳት። «እትዬ፣ ቤት ሸጥሽላቸው፣ ተፈጸመ። ሥራሽን እያጣሽ ነው።»

«ማሙሽ» አለችኝ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ «ሰውን ሩቅ ካስገባኸው በኋላ መንገዱም ያንተ ነው።»

እኔ ሁለተኛ አላነሳሁባት።

ሕመሟን ደብቃን ነበር። ያወቅነው ሆስፒታል ስትገባ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆየች። የመጨረሻው እሑድ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ ሰዓቱን አየችና «ምን ትሠራለህ እዚህ?» አለችኝ። ካንቺ ጋር ነኝ አልኳት። «እማማ ለብሰው እየጠበቁ ነው» አለች። ትቻት ሄድኩ። እማማን አድርሼ ስመለስ ተኝታ ነበር። ረቡዕ አረፈች።

ቀብሯ ላይ እማማ ብርቄ ወንበር ላይ ተቀምጠው አላለቀሱም። ሰው ወደሳቸው እየመጣ ሲጎነበስ ብቻ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ሳልደውል ታኮማ ሄድኩ። ከደወልኩ ግድ የለም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። ሌላ ጊዜ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት፤ ያን ቀን ከፊት ገቡ። ቀበቷቸውን አሰርኩላቸው። አውራ ጎዳናው ላይ ወጣን። ስለ እሷ ቢያነሱ ማልቀሴ ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉኝ።

«እሺ እማማ።»

«እሷ ዓይኗ ቤት ቤቱ ላይ ነበር። ነፍሷን ይማረውና ስንት ጊዜ ልትገለብጠኝ ነበር። አንተ መንገድህን እይ።»

«እሺ እማማ።»

ከአውራ ጎዳናው ወጥተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ስንታጠፍ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ የሽያጭ ምልክት ተተክሏል። አዲስ ነው፤ ባለፈው እሑድ አልነበረም። ትንሽ ቤት ናት፣ ደረጃዋ ዝቅ ያለ፣ ለሽማግሌ የሚመች። ሳላስበው ፍሬን ይዣለሁ። ወደ እማማ ዞር አልኩ፣ እንዳይቆጡኝ። እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው እሷኑ ነው የሚያዩት።

«ስንት ይሏታል?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ምድር ቤቷስ?»

«እሱንም አላውቅም እማማ። ቅዳሴ ሊያልፈን ነው።»

በመቋሚያቸው የቤቷን በር ጠቆሙ። «ታዲያ ወርደህ አትጠይቅም?»